ማቪስ ዝም ያሰኘችው ዲስክ

በአውስትራሊያ ምድረ በዳ፣ በማሪንጃ ሰፈር፣ ከሱቁ ቀጥሎ፣ የቆርቆሮ ክዳኑ በፀሐይ ብዛት የነጣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበረ። የድምፅ ቤት እንለው ነበር። በሰፈሩ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋባቸው ቤቶች እሱና ክሊኒኩ ብቻ ስለነበሩ፣ የሰፈሩ ውሾች በሩ ሥር ተጋድመው ከታች ሾልኮ የሚወጣውን ብርድ ይቃመሱ ነበር። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ውሻ ተሻግሮ ነው የሚገባው። ማቪስ ግን አትሻገርም፤ እያንዳንዱን በስሙ ጠርታ ታስነሣለች።

ነገርን ሁሉ በስሙ መጥራት ጠባይዋ ነበረ። ጥፋቷም የመጣው ከዚያው ነው።

ቀደም ሲል በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ወደ ድምፅ ቤቱ ያመጧት ሽማግሌው ናቸው። ሽማግሌው እያልኩ የምጽፈው ስማቸው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ዛሬ መጥራትም ተፈቅዷል። ግን ዓመት ሙሉ ሳይጠራ የቆየ ስም ወደ አፍ ለመመለስ ያስቸግራል። ሽማግሌው የአባታቸውን አገር መንገድ፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ፣ ከዐለት ወደ ዐለት፣ ሙሉውን በዜማ የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው ነበሩ። በዚያ ምድረ በዳ የኩሬ ስም ማወቅ ማለት በሕይወት መድረስ ማለት ነው። ታናሽ እህታቸው ኤድና እንኳ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ባላቸው አገር ስለሄዱ ዜማውን እስከ መጨረሻው አልተማሩትም። ስለዚህ ለልጅ ልጆቹ ይቀረጽ ተባለ፤ ማን ይቅረጽ ሲባል ሽማግሌው በከንፈራቸው ወደ ማቪስ አመለከቱ።

«እሷ ሰው ሲያወራ አፏን አትከፍትም» አሉ። «እናንተ ገና ሳልጀምር ጥያቄ ትጀምራላችሁ።»

ከዚያ በኋላ የአክስቷ ልጅ ክላይቭ በአሮጌው ቶዮታ ሁለቱን እየጫነ ጥላ ካለበት ዛፍ ሥር ያደርሳቸዋል። እሳቸው ይዘፍናሉ፣ ማቪስ መቅረጫውን ይዛ ዝምብ ታባርራለች፣ ክላይቭ መኪናው ጥላ ውስጥ ይተኛል። ሽማግሌው አንዳንዴ ዜማቸውን አቋርጠው፣ «ያ ሰውዬ ሲያንኮራፋ ተቀረጸ ወይስ አልተቀረጸም?» ይሏታል። ተቀርጿል ስትላቸው፣ «ተይው። የልጅ ልጆቹ አያታቸው ምን ይሠራ እንደነበረ ይወቁ» ይሉ ነበር።

የተቀረጸው ሁሉ የሚቀመጠው በድምፅ ቤቱ ውስጥ፣ ዲስኮች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሣጥን ነው። ሣጥኑን የተከለው ማልኮም የሚባል፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ አልፎ አልፎ የሚመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ማልኮም ዲስኮቹን በቁጥር ጠርቷቸው ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ማቪስ ሁሉንም ለውጣ፣ እያንዳንዱን በውስጡ ባለው ባለድምፅ ስም ሰይማ አገኛት።

«ማቪስ፣ ዲስክ እኮ ውሻ አይደለም» አላት።

«ሰው በዚያ በር ገብቶ 'አያቴን አምጪልኝ' ነው የሚለኝ። 'ሦስት ቁጥርን አምጪልኝ' ያለኝ እስካሁን የለም።»

ማልኮም ሳቀና ተወው። ሽማግሌውም ስማቸውን በትልቁ ስክሪን ላይ ባዩ ጊዜ ደስ ብሏቸው ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቋት።

የዚያን ዕለት ነው ማልኮም ዲስክ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ያስረዳን። በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ድምፁ በሳህኑ ላይ፣ በጥቃቅን ቦታ ተከፋፍሎ ይጻፋል። ከቦታዎቹ አንዱ ሲበላሽ ዲስኩ ራሱ ያውቀዋል፤ በዚያ የነበረውን አንሥቶ ለክፉ ቀን ወደ ተቀመጠ ትርፍ ቦታ ያዛውራል፣ ማዛወሩንም ይቆጥራል። ማንበብ ሲያቅተው ይቆጥራል። ሲሞቅበት፣ ለመሽከርከር ሲነሣ ጉልበት ሲያጥረው፣ ይህንም ይቆጥራል። የተቆጠረው ከልኩ ሲያልፍ ግን ዝም አይልም። «'ልሞት ነውና በውስጤ ያለውን አውጡልኝ' ይላል» አለ ማልኮም። «እኔ ያንን የሚሰማ ፕሮግራም አስገብቻለሁ፤ ነገር ካለ በስክሪኑ ላይ ይጽፍላችኋል።»

«እንደ አጎቴ ነዋ» አለ ክላይቭ። «እሱም ጉልበቱን ያሽና 'ሊዘንብ ነው' ይላል። አይዘንብም።»

«ይኼም ሁልጊዜ አያውቅም። ሳይናገር የሚሞት ሞልቷል። ከተናገረ ግን ስሙት።»

የሌሎቹ ሽማግሌዎች ድምፅ እየተገለበጠ ወደ ከተማ፣ ወደ ትልቁ መዝገብ ቤት ተልኮ ነበር። የሽማግሌው ብቻ አልተላከም፤ «ግማሽ መንገድ አይላክም። ስጨርስ ይሄዳል» ብለው አስቀርተውታል። ጨረሱም። ከጨረሱ በኋላ ዝናብ መጥቶ መንገዱን ቆረጠው፤ መንገዱ ደርቆ ሳይከፈት ሽማግሌው ዐረፉ።

ሰፈሩ ሰው ሲሞት የሚያደርገውን አደረገ። ቤታቸው ተዘጋ፤ ዱካቸው ከመሬት እንዲጠፋ ሴቶቹ በቅጠል ጠረጉት። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶግራፋቸው በወረቀት ተሸፈነ። ስማቸውን መጥራት ተውን፤ ያው ስም የነበረው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሳይቀር ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩማንጃይ ተባለ፤ ስሙ የማይነሣ እንደ ማለት ነው። ድምፃቸውም ተዘጋ። ቤተ ዘመዱ በቃ እስኪል ድረስ ማንም አይከፍተውም። ማቪስ በሣጥኑ ላይ የጻፈችውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፈነች። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ግን አልነካችም፤ ለመለወጥም ቢሆን ስሙን ከፍታ ማየት ሊኖርባት ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ ማለዳ ሴቶች ተሰብስበው በትልቁ ስክሪን የልጆቹን ጨዋታ ፎቶ እያዩ ይሳሳቃሉ። በመሐል በፎቶው ላይ ቢጫ የማስታወቂያ ሣጥን ብቅ አለ። በሣጥኑ ውስጥ የሟቹ ሙሉ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ «ሊበላሽ ነው፣ አሁኑኑ ይገልብጡ» ይላል።

ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች። ሌሎቹ ፊታቸውን በቀሚሳቸው ሸፍነው፣ ውሾቹን እየረገጡ ወጡ። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከሱቁ ስሮጥ ስደርስ ማቪስ ስክሪኑን አጥፍታ፣ እጇን በላዩ ላይ ዘርግታ ቆማለች። የሟችን ስም በዘመዶቻቸው ፊት የጠራች እሷ የሆነች ያህል ተሰምቷታል።

ወዲያው ወደ ማልኮም ደወለች።

«ማልኮም፣ አንዱ ዲስክ ተናገረ።»

«የትኛው?»

«አንዱ።»

«ብዙ እኮ ናቸው፤ ስሙን ንገሪኝ።»

«አልችልም።»

ማልኮም እዚያ አገር የቆየ ሰው ነውና ገባው። «የእሳቸው ነው?»

«አዎ።»

«አዝናለሁ። ግን ስሚኝ፣ ዛሬውኑ ገልብጪው። ድምፁን መክፈት የለብሽም። ማንም ሳይሰማው ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ይሄዳል።»

«ሲገለበጥ የየቅጂው ስም በስክሪኑ ያልፋል። በሁሉም ላይ የእሳቸው ስም አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ስክሪኑን አጥፊዋ።»

«በእጄ እያደረግኩት ዓይኔን ብጨፍን አላደረግኩም ልል ነው?»

«እንግዲያው ቤተ ዘመዱን አስፈቅጂ። ብቻ አትቆዪ።»

«አስፈቅዳለሁ። እስከዚያው ግን ይኼ ሣጥን ነገም ሰው ፊት ይጠራቸዋል። እንዴት ነው ዝም የማሰኘው?»

ማልኮም አንገራግሮ የዚያ ዲስክ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚዘጋ ነገራት፤ እሷም ዘጋችው። «ያጠፋሽው ማስታወቂያውን ነው እንጂ በሽታውን አይደለም» አለ። «ዛሬ ትገለብጪያለሽ?»

«እገለብጣለሁ» አለችው።

ይህን ሁሉ ኋላ ራሷ ነች ያጫወተችኝ። ስትናገር ግን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። «ስለው እውነቴን ነበር» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ዱቄትና ስኳር ይዛ ወደ ሐዘንተኞቹ ሄደች። ኤድና ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጭ አፈር ተቀብተው፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ በተሠራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሐዘን የተቀመጡ ሴቶች በአፋቸው አያወሩም፤ የሚፈልጉትን በእጃቸው ይነጋገራሉ። ማቪስ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን ትበል? የወንድምዎ ድምፅ ሊሞት ነው ቢባሉ ሁለተኛ መርዶ ነው። ደግሞስ እሷ ራሷ የጻፈችው የሟቹ ስም በስክሪን ላይ በርቶ ሴቶቹን ማስጮኹን ሳይሰሙ ይቀራሉ? ዱቄቱን አስቀመጠች፤ ኤድና መዳፋቸውን አንሥተው አመሰገኑ፤ ተመልሳ መጣች። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። በማግሥቱ ነገ አለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስካሁን ለምን አልነገርሽም የሚለው ጥያቄ ራሱ ሌላ ፍርሃት ሆነባት።

ዲስኩ ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ መሽከርከሩን ቀጠለ። ቆጠራውንም አላቆመም፤ ብቻ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ማቪስ ማለዳ ስትገባ ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ ታቀርባለች። ከጊዜ በኋላ ከውስጡ ጥፍር በጣሳ ላይ እንደሚመታ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣውን አብዝታ ከፈተችው፤ ብርድ የሚያድነው መስሏት።

«በረዶ ልትሸጪ ነው እንዴ?» ይላታል ክላይቭ። «ውሾቹ እንኳ ተነሥተው ፀሐይ ሊሞቁ ሄዱ።»

ለኤድና የምታደርገውም በዛ። ካንጋሮ በተገደለ ቁጥር ጅራቱን ጠብሳ ትወስድላቸዋለች፣ ማገዶ ትለቅምላቸዋለች። ዓይናቸውን ግን አታይም።

«እኔ አድኜ አንቺ ትጸድቂበታለሽ» አላት ክላይቭ አንድ ቀን። «ምን በድለሻቸው ነው ጅራት በጅራት ያደረግሻቸው?»

ክላይቭ ቀልዱን ነው። ማቪስ ግን ፊቷን አዙራ ሄደች።

ዓመቱ አለፈና ቤተ ዘመዱ በቃ አለ። ቤቱ በጭስ ታጠነ፣ ከፎቶግራፉ ላይ ወረቀቱ ተነሣ፣ አሠልጣኙም ወደ ስሙ ተመለሰ። በማግሥቱ ኤድና አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ከሱቁ ለሁለት የሚሆን ብስኩት ገዝተው፣ ውሾቹን በከዘራቸው እየገፉ ወደ ድምፅ ቤቱ ገቡ።

«በይ ልጄ፣ አሁን ወንድሜን ክፈቺልኝ።»

ማቪስ ነካካች። ሣጥኑ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው።

«ሽቦው ነው፣ አክስቴ» አለች። «ሽቦው ተበላሽቷል።»

«ይሠራ። ዓመት የጠበቀ ሰው ለሽቦ አይቸኩልም» አሉና ብስኩታቸውን ከፍተው ግማሹን ሰጧት። እሷም ተቀብላ በላች። ስለ ውሸቱ ስታስብ ዛሬም የሚያቃጥላት ያ ብስኩት ነው።

ክላይቭ ዲስኩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሊስ ስፕሪንግስ አደረሰው፤ ማልኮምም የሞተ ዲስክ ከፍተው ወደሚያነብቡ ሰዎች ወደ ሩቅ ከተማ ላከው። በመጠበቂያው ጊዜ ኤድና ከሱቅ በተመለሱ ቁጥር ጎራ ብለው «ሽቦው እንዴት ሆነ?» ይላሉ፤ ማቪስም «መንገድ ላይ ነው» ትላቸዋለች። በመጨረሻ ማልኮም ደወለ።

«አብዛኛው ወጥቷል። ሁሉም ግን አይደለም። የመንገዱ ዜማ መሐሉ ላይ ተበልቷል።»

ማቪስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስሚ» አለ ማልኮም፣ «ለኤድና እኔ ልንገራቸው። ዲስክ ሳይናገር ይሞታል እላቸዋለሁ። ሐሰት አይደለም፣ ስንቱ እንደዚያ ይሞታል።»

«ይኼኛው ተናግሮ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም ተመልሼ ደውዬ ገለበጥሽው ወይ አላልኩሽም።»

የተረፈው በአዲስ ዲስክ ሆኖ መጣ። ኤድና ተጠሩ፤ ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው ተቀመጡ። ክላይቭና እኔም በሩ ላይ ቆመናል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማን፤ ከዚያ ዜማው ጀመረ። ኤድና በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ተከተሏቸው። አንድ ኩሬ፣ ቀጥሎ ሌላ ኩሬ፣ የቀይ ዐለቱ ማለፊያ፣ የእርግቦቹ ውኃ። ከሩቅ የክላይቭ ማንኮራፋት ተሰማና ኤድና ሳቁ። ወዲያው ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እንደ ቆርቆሮ ፍጭርጭር ብሎ ጠፋ። ሲመለስ ሽማግሌው ሌላ ቦታ፣ ራቅ ያለ አገር ደርሰው ነበር።

ኤድና ከዘራቸውን አነሡ። «የት ሄደ?»

ማልኮም የሰጣት መልስ በአፏ ውስጥ ነበር። ዲስክ ይሞታል ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ሴቶቹ ያዩት ስሙን ብቻ ነው፣ ክላይቭም እኔም ስለ ማስጠንቀቂያው የምናውቀው ነገር አልነበረም። ማቪስ ግን ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ሽቦው አልነበረም። እርስዎ ሐዘን ላይ ሳሉ ታምሜያለሁ ብሎ ነግሮኝ ነበር። ስማቸውን በሰው ፊት ስለጠራ አፉን ያዝኩት። ማልኮም ገልብጪ አለኝ፤ እርስዎን ላስፈቅድ መጣሁና ዱቄት አስቀምጬ ተመለስኩ። ዓመቱን ሙሉ ሲያቃስት እሰማው ነበር።»

ኤድና ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሁለቱን እጆቻቸውን አነሡ። በጣቶቻቸው ወንድም አሉ፤ ጉሮሯቸውን ነክተው ድምፅ አሉ፤ መዳፋቸውን ገልብጠው ታመመ አሉ። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ አልፈጀም።

«ይኸው ነበር» አሉ። «አጠገቤ ተቀምጠሽ እጅሽ ዱቄት ይዞ ነበር እንጂ ሥራ አልነበረውም። በአፍሽ ማን ተናገሪ አለሽ? የሞተን ሰው ስሙን አንጠራም፤ ስሙን አንጠራም ብለን ግን ሳንቀብረው ሜዳ ላይ አንጥለውም። እሺ እልሽ ነበር። በዚያው እጄ እሺ እልሽ ነበር።»

ማቪስ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ኤድና ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእሷ ጋር አልተነጋገሩም። ጅራት ስትወስድላቸው ይቀበላሉ፤ ቃል ግን የለም። ተቆጥተው ቢሰድቧት በተሻላት። እሷም በማለዳ ትመጣና መጀመሪያ የዲስኮቹን ሁሉ ቆጠራ ታያለች፤ ደህና ነው ሲላት አታምነውም፣ ደግማ ታያለች። የሁሉም ማስጠንቀቂያ ተከፍቷል። ሆኖም ቢጫው ሣጥን ባልበራ ቁጥር ዝም ያሰኘችው እሷ እየመሰላት ትደነግጥ ነበር።

አንድ ቀን ኤድና ወደ ክላይቭ ዘንድ መጡ። «መኪናህን አዘጋጅ። ደንካን ዘንድ እንሄዳለን። ያቺም መሣሪያዋን ይዛ ትምጣ» አሉት፤ ማቪስ አጠገባቸው ቆማ ሳለ።

ደንካን ከእኛ ራቅ ባለ ሰፈር የሚኖር፣ በወጣትነቱ ከሽማግሌው ጋር በዚያ መንገድ የተጓዘ አዛውንት ነው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ደንካን ዜማውን አዳመጠ፤ ተሰንጥቆ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ድምፅ ቀጠለ፣ አንድ የኩሬ ስም ጠራ። ኤድና ደገሙት። ማቪስ መቅረጫውን አስጠጋች። ደንካን ወደሚቀጥለው ሊሄድ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በመሐል ሌላ ኩሬ አለ» አለ። «ከዐለት ሥር ነው፣ በበጋም አይደርቅም። ጠጥቼበታለሁ። ስሙ ግን…» ራሱን ነቀነቀ። «ይኼን የሚያውቀው ወንድምሽ ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ ክላይቭ፣ ደንካን ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ትምባሆ መሆኑን አንሥቶ ሊያስቀን ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም። አቧራው በመስኮት ይገባል። ማቪስ ከኋላ ተቀምጣ መቅረጫውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው፤ የተገኘውን ስም ገና መንገድ ላይ ሳለች ወደ ሁለተኛ ዲስክ ገልብጣዋለች፣ የጠፋው ግን ከፊቷ አልሄደም። «እዚያ በጥም የሚሞት ልጅ ቢኖር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ፀሐይዋ ወደ መሬት ስትጠጋ፣ ከፊት የተቀመጡት ኤድና ሳይዞሩ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አወጡ። ጣቶቻቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው አቀረቡና መልሰው ዘረጉት። ለእኔ ወይም ለክላይቭ ቢሆን በአፋቸው ይናገሩ ነበር። ማቪስ አየችው። መቅረጫውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የውኃውን ጠርሙስ ከፈተችና በተዘረጋው እጅ ላይ አኖረችው፤ ኤድና ጠጡ፣ የጠርሙሱን አፍ በመዳፋቸው ጠርገው መለሱላት።